በቃሏ ያልያዘቻቸው ደብዳቤዎች

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል ስያለሁ። አንድ ክብ ሴል፣ መካከሉ ላይ የተሰለፉ ክሮሞሶሞች፣ ከግራና ከቀኝ የሚጎትቷቸው ቀጫጭን ክሮች። «ሴል ለሁለት ሲከፈል ጎትተው የሚያካፍሉት እነዚህ ክሮች ናቸው፤ ጻፉ!» እላለሁ። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሳሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሥዕልነት አሳልፌ አስቤው አላውቅም ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪው እኔ ሙሉጌታ ሆኜ፣ ስለ እነዚያ ክሮች ያስተማረችኝ ግን የአማርኛ አስተማሪዋ የሺ ናት።

የሺ ዓይነ ስውር ናት። ደብረ ታቦር ተወልዳ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። አጎቷ መሪጌታ ነበሩና ጸሎቱን ሁሉ እየደጋገሙ በጆሮዋ አስገቡላት። ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ብሬል ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ያለው የእኛ ትምህርት ቤት ተመደበች። ሃያ ዓመት ሆናት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ስለሆነ በሥራም በቤትም አልተላቀቅንም።

የዚህች ሴት ጭንቅላት የሚያስፈራ ነው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከሰማች አለቀ፣ ተይዟል። የተማሪዎቿን ስም በመጀመሪያው ሳምንት ትጨርሳለች። እኔ በአንድ ስብሰባ ላይ ተናድጄ የተናገርኩትን ንግግር ከስንት ዓመት በኋላ ከነሳሌ ትደግምልኛለች። አንድ ልማድ ግን አላት። በቃሏ የምታውቀውን ነገር ዝም ብላ ማሰብ አትችልም፤ እንደ አጎቷ በዜማ ታንጎራጉረዋለች። ለራሷ ስታነብ ደግሞ አፏ ይዘጋል፣ የምትተነፍስም አይመስልም፣ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። ይህን ልዩነት እያወቅኩ እንዴት እንደተሞኘሁ ኋላ ላይ እናገራለሁ።

ባሏ ዮሐንስም ዓይነ ስውር ነበር፣ የሕግ ሰው። አዲስ አበባ ሲማር ከዚያ የጻፈላት አርባ ሦስት የብሬል ደብዳቤ አለ። እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። ደብዳቤዎቹ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ከላይ ያለውን አንዱን ታነብና ወደ ታች ትከተዋለች። ሌላ ሰው እንዲያነብላት አትፈቅድም። «አንቺ እኮ የአስረኛ ክፍልን መጽሐፍ በሙሉ በቃልሽ ይዘሻል፤ አርባ ሦስት ደብዳቤ ምን ያቅትሻል?» ብላት፣

«ሆን ብዬ ነው ያልያዝኳቸው፣ ጋሽ ሙሌ» አለችኝ። «በቃሌ ካልኳቸው የምናገረው እኔ ነኝ። ሳነባቸው ግን የሚናገረው እሱ ነው።»



ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ገላዋን ስትታጠብ ጣቷ ግራ ጡቷ ላይ አንድ ነገር አገኘ። ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ሆስፒታል ይዣት ስሄድ ዶክተር ፍፁም የሚባለው ወጣት ሐኪም በምርመራ ካየው በኋላ፣ «ይህን በእጁ ያገኘው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለች።

«እኔ ቦታው ተነግሮኝ እንኳ በግድ ነው ያገኘሁት። ብዙ ሰው የሚመጣው ሎሚ ካከለ በኋላ ነው። ጣትዎ ነው የቀደመልዎ።»

ካንሰር ነበር። መስከረም ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ጥቅምት ላይ ኬሞ ጀመረች። ዓይን ያላየው ርዝራዥ በሰውነቷ ተርፎ ከሆነ እንዲያጠፋው ነው። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሩት ትምህርት ስላለባት አብሮ የመሄዱ ተራ የእኔ ሆነ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ሲስተር ሊያ፣ ነርሷ፣ ረጅም ጋውን ለብሳ፣ ጓንት በጓንት ላይ ደርባ፣ እንደ ሚሪንዳ የቀላ ፈሳሽ በስሪንጅ ይዛ መጣች። ደሜ ፈላ። «አንቺ በእጅሽ ለመንካት የፈራሽውን ነገር በሰው ደም ሥር ልትከቺ ነው?» አልኳት።

ሊያ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ እኔ ካንሰር የለብኝም፤ እኔ ላይ ሥራ የለውም» አለችና ቀስ እያለች መስጠት ጀመረች። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር፣ በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ መሆኑን ነገረችኝ። ለመከፋፈል የሚጣደፍ ሴል ሲያገኝ ዲኤንኤው ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛ ቅጂ እንዳይወጣለት አድርጎ ይቆልፈዋል። ችግሩ ካንሰሩን ከሌላው ለይቶ አለማወቁ ነው። የፀጉር ሥርም ይጣደፋል፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም፣ ደም የሚሠራው መቅኒም። ፀጉሩ የሚረግፈው፣ አፉ የሚቆስለው፣ ሆዱ የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ጤነኛው ሴል ግን ተመልሶ ይተካል፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠውም እሱ እንዲያገግም ፋታ ለመስጠት ነው።

«እትዬ የሺ፣ ሽንትዎ ዛሬና ነገ ቀይ ሊሆን ይችላል። ደም አይደለም፣ እንዳይደነግጡ» አለቻት።

«እኔ በምን አይቼው ልደነግጥ?» አለች የሺ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሊያ የምትነግራት ነገር ሁሉ አንዴ ከተነገረ በቃል ተያዘ። የማቅለሽለሽ መከላከያው ክኒን ማቅለሽለሹ ሳይመጣ ነው የሚዋጠው። አፍ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ በጨውና በሶዳ ይጉመጠመጣል። ሽሮው ያለ በርበሬ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ክትፎና ጥሬ ዓሣ አይነካም። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ጠያቂ ይቀነሳል፤ ትኩሳት ሠላሳ ስምንት ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ማስታገሻ ውጦ መተኛት የለም፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ጠያቂን የመቀነሱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። የታመመን ሰው ሳይጠይቅ ከሚቀር መሞት የሚመርጠውን ያገሬን ሰው በር ላይ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ከግማሹ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ጋር ተኳረፍኩ። የሺ ግን አንድም ቀን ትኩሳት አልያዛትም፤ በዚህ እኮራለሁ።

አራት ጊዜ ቀዩ አለቀና ጥር ላይ ሁለተኛው መድኃኒት ተጀመረ፤ እሱም አራት ዙር ነው። ውኃ የመሰለ፣ በግሉኮስ የሚንጠባጠብ ነገር ነው። «ይኸኛው ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው» አለች ሊያ። «ሴል ሲከፈል ክር ይዘረጋል አይደል? ይህ መድኃኒት ክሩን ያደርቀዋል። ሴሉ መዘርጋትም መጠቅለልም ያቅተዋል፤ ሲታገል ውሎ ይሞታል።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። የእኔ ክሮች! ሃያ ስድስት ዓመት በነጭ ቾክ የሳልኳቸው ክሮች በዚያች ደቂቃ፣ እፊቴ፣ በየሺ ደም ውስጥ እየታሰሩ ነበር። አንድ ዛፍ ቅርፊቱ ውስጥ ይህን ይዞ ስንት ሺህ ዓመት ቆሞ ኖሯል፤ ሰውም ደርሶበታል፤ ደርሶበትም ሐዋሳ ድረስ በብልቃጥ መጥቷል። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሥዕሉን ስስል ቾኩ እጄ ላይ ቆመ። ልጆቹ ያመመኝ መስሏቸው ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ግን ነበር፣ እሱን ላስብ የሚገባኝም እኔ ነበርኩ። እነዚያው ክሮች ነርቭ ውስጥም አሉ። ከአንገት እስከ ጣት ጫፍ በሚሄደው ረጅም ነርቭ ውስጥ እንደ መንገድ ተዘርግተው ስንቅ ያመላልሳሉ። መንገዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚራበው ጫፉ፣ ጣት ነው። ይህንንም አስተምሬዋለሁ፤ ስለ ነርቭ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ አለ።

ሦስተኛው ዙር ከመሰጠቱ በፊት ሊያ እንደ ወትሮው ጠየቀቻት። «እትዬ የሺ፣ ጣትዎን ይደነዝዘዎታል? ይወጋጋዎታል? እስቲ የሹራብዎን ቁልፍ ይቆልፉልኝ።»

የሺ ቁልፉን በአንድ አፍታ ቆለፈች። ከዚያ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እኔ ግን ቀደምኳት።

«ምን ቁልፍ ታስቆልፊያታለሽ! ይህች ሴትዮ እኮ በጣቷ ነው የምታነበው፤ ታንብብልሽ!» አልኩ። ሰው ፊት በእሷ መኩራራት እወዳለሁ።

የሺ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ከቦርሳዋ የብሬሉን ጥራዝ አወጣች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ ጣቷን አስቀመጠች። ስለ ንቦች የሚያወራውን የአስረኛ ክፍል ምንባብ ማንበብ ጀመረች። አንዲት ቃል አላደናቀፋትም፤ በዜማ ነበር የሚወርደው። የተኙት ሕመምተኞች ወሬ አቆሙ። ሊያ ዓይኗን ጠራርጋ «የጣት ስሜት፦ ደህና» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው ዙር ተሰጠ። እኔ ጅሉ አጨበጨብኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሺ ደህና ስትሆን ለማስተማር መጣች። በመስኮቷ በኩል ሳልፍ ያንኑ የንቦች ምንባብ ለልጆቹ ስታነብ ሰማኋት፤ ቆም ብዬ አየሁ። የብሬል ጥራዞች ሁሉም በመልክ አንድ ስለሆኑ፣ ለዓይናማው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲባል ሽፋናቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የሺ ይዛው የቆመችው ጥራዝ ላይ የተለጠፈው «ጂኦግራፊ» ይላል። ጣቶቿ በጂኦግራፊው ላይ ይሄዳሉ፣ አፏ ስለ ንቦች ያወራል።

ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቄ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም።

«ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ። መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ጓንት ያጠለቅኩ ነው የሚመስለኝ። ነጥቡን ከወረቀቱ መለየት አቃተኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«አጠገቤ ትተኛ የነበረችውን ሴትዮ ታስታውሳለህ? መድኃኒቷን አቋረጡባትና ታኅሣሥን ሳትጨርስ ሞተች። ብናገር የእኔንም ያቋርጡብኛል። ላም እሳት ወለደች ነው የሆነብኝ፣ ጋሽ ሙሌ። ከሞት ጣት ይሻላል አልኩ።»

«ደብዳቤዎቹስ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አራት እሑድ ቆርቆሮውን አልከፈትኩትም።»

ያኔ ነው የጮኽኩት። ሞኝ ነሽ፣ ግትር ነሽ፣ ነርሷን አታለልሽ፣ ያልወጣኝ ነገር የለም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና በዝግታ፣ «ያን ቀን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር» አለችኝ። «አንተ ‹ታንብብልሽ› አልክ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ እንዴት አላነብም ልበል?»

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። በሩን ደርግሜ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዤ አጥሯ ሥር ቆምኩ፤ ምንም ሳልል ጫንኳት፤ ሆስፒታል ሄድን።

ዶክተር ፍፁም ሁሉንም ሰምቶ አልተቆጣም። ያቺ ሴትዮ የሞተችው መድኃኒት ስለተቋረጠባት እንዳልሆነ ነገራት፤ ካንሰሩ ቀድሞውኑ ጉበቷ ደርሶ ነበር። «የእርስዎ ግን በምስር ፍሬነቱ ነው የተያዘው። የመጨረሻውን ዙር አናቋርጠውም፤ ጥቂት አረፍ ብለው በሦስት ሳምንት ከፋፍለን ትንሽ ትንሽ እንሰጥዎታለን። ጣት ሲቀዘቅዝ ደም ሥሩ ስለሚጠብ መድኃኒቱ በብዛት አይደርስበትም። ሁሉንም አይረዳም፣ ግን በረዶ ብትይዙ አልከለክልም።»

«ጣቴ ይመለሳል?»

«የብዙ ሰው ይመለሳል፣ በወራት። የእርስዎ ይመለሳል ብዬ ቃል መግባት ግን አልችልም።»

በረዶ ሐዋሳ ውስጥ የት ይገኛል? ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ከረጢት ሙሉ ገዝቼ ገባሁ። የዓሣው ሽታ ሲነሣ ሦስት ሕመምተኛ አንድ ላይ ወደ ላይ አለው፤ ሊያ እኔንም በረዶዬንም አስወጣችን። ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ በላስቲክ እያሰርኩ እዚያው ነጋዴዎቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ፣ ሆነና መንገዱ ሁሉ ወደ በዓሉ ቦታ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ በሚጎርፈው ሰው ተዘጋ። ባጃጅ የለም። በረዶውን ኮቴ ውስጥ ጠቅልዬ በዚያ ሁሉ ዘፈን መካከል በሩጫ ነው የሄድኩት። «አይዴ ጫምባላላ!» ይሉኛል፤ «አይዴ ጫምባላላ!» እላለሁ፤ ውኃው በሱሪዬ ይወርዳል። ስደርስ የተረፈው ለአሥር ጣት ብቻ የሚበቃ ነበር። በጨርቅ ጠቅልለን አስያዝናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው።

ሚያዝያ ላይ መድኃኒቱ አለቀ። ግንቦት ላይ ራሷ ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ፀጉር በቀለ። ሰኔ ላይ ሽሮዋ በርበሬ አገኘ። ስለ ጣቷ ግን አትናገርም፣ ቆርቆሮውንም አትከፍትም። ሩት፣ «እሑድ እሑድ ታቅፋው ትቀመጣለች» አለችኝ።

«ለምን አትሞክሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ብሞክረውና ባይናገርስ?» አለችኝ። «እስካልሞከርኩት ድረስ ቢያንስ ውስጡ አለ።»

ስለዚህ እኔ መሞከር አለብኝ አልኩ። በቃሏ የማታውቀው፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልጻፈው ነገር መሆን አለበት፤ ሁለተኛ አልሞኝም። ከትምህርት ቤት ስሌትና ስታይለስ ተዋስኩ፤ አንዱ ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ቀዳዳ ያለው ማስመሪያ ነው፣ ሌላው ነጥቡን የሚወጋ ጫፈ ሹል። የፊደሉን ሠንጠረዥ ፊቴ ዘርግቼ ሦስት ቀን ወጋሁ። ስሟና ሁለት ቃል ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ ልክ በዓመቱ፣ ዝናብ ጣሪያውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት ወስጄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«አንብቢው።»

ብዙ አመነታች። ከዚያ ሁለቱን አመልካች ጣቶቿን አስቀመጠች። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ። ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። ፊቷ ሲጨልም አየሁ።

«ነጥቡ ይሰማኛል» አለች። «ይሰማኛል፤ ቃል ግን አይሆንም። እዚህ ምንም የለም። ጣቴ እየዋሸኝ ነው፣ ሙሌ።»

እጇን ሰብስባ አለቀሰች። ጡቷ ሲቆረጥ ያላለቀሰች ሴት፣ ፀጉሯን ከትራስ ላይ ስትለቅም የቀለደች ሴት። እኔ ነኝ ያስለቀስኳት፤ ‹ታንብብልሽ› ካልኩ ወዲህ ይህ ሁለተኛው ፈተናዬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ድንገት ለቅሶዋን አቆመች። እጇን መለሰችና በዚህ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ጣቷን ነዳችው።

«ይህን የወጋው ማነው?»

«እኔ።»

«ከየት ወደ የት?»

«ከግራ ወደ ቀኝ ነዋ፤ ታዲያ ከየት ሊሆን ነው?»

ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ብሬል ከጀርባው ነው የሚወጋው። ወረቀቱ ሲገለበጥ እንዲቃና ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉንም ገልብጦ መውጋት ያስፈልጋል። ማይክሮስኮፕ ምስል እንደሚገለብጥ በየዓመቱ የማስተምረው ሰውዬ ይህን አላሰብኩም። ከእኔ ዓይን ያመለጠውን ግልባጭ የያዘው የእሷ ጣት ነው። እየሳቀች፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ ነጥብ በነጥብ አነበበችው።

«የ... ሺ... ይቅር... በይኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ ደለደለችው።

«ሃያ ዓመት አውቅሃለሁ» አለች ኋላ። «አንድ ጊዜ ይቅርታ ብትጠይቅ እሱንም የኋሊት!» ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደችና የብስኩት ቆርቆሮውን አምጥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። «በል አሁን ውጣልኝ፤ ሰው ቀጥሬያለሁ።»

ወጣሁና በሩ ሥር፣ ጠፈጠፉ ላይ ቆምኩ። የቆርቆሮው ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ወረቀት ሲዘረጋ ሰማሁ። ዜማዋ ይመጣ እንደሆነ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ፤ ብዙ ጠበቅኩ። ከውስጥ ዜማም ለቅሶም አልመጣም፤ የሺ ለራሷ ስታነብ አፏ ይዘጋል።